የጠፋው ፊልም አባቱ ማነው?

ባለፈው ጥራዛችን ላይ አንድ ወንድማችን «ስለ ጠፋ ፊልም ማልቀስ የጥጋበኛ ለቅሶ ነው» የምትል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። አንብበን ሳቅን። ስቀን ስናበቃ ግን ተናደድን። ንዴቱ ቢያድር ቢከርም አልበርድ ስላለን ይኸው ብዕር አነሣን። ወንድማችን አይቀየመን። ክርክር ነው፤ በክርክር ደግሞ የወሎ ልጅ አይከፋውም።

ነገሩ የተነሣው ሐይቅ ከተማ ላይ ነው። ለዕረፍት የተመለስን ልጆች አንድ ቤት ቡና ተፈልቶልን ስንጫወት፣ ከመካከላችን አንዱ ስለ አንድ የእንግሊዝ ፊልም ያነበበውን አወጋን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራ ነው። ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ሁለት የተጨናነቁ ሰዓቶች» ይሆናል። ዳይሬክተሩ ማይክል ፓወል ይባላል፤ ያኔ ገና ጀማሪ ነበር። አንድ ነፍሰ ገዳይ ምስክር የሆነችበትን ልጅ ያሳድዳል፤ መርማሪ ፖሊስ ገዳዩን ያሳድዳል፤ መሐል ላይ አንድ አስቂኝ የታክሲ ነጂ ገብቶ ተመልካቹን ያፍነከንካል። ወንጀልና ሳቅ ባንድ ድስት ማለት ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ይኸ ፊልም ዛሬ የለም። የእንግሊዝ የፊልም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 «አጥብቀን እንፈልጋቸዋለን» ብሎ ካወጣቸው 75 የጠፉ ፊልሞች አንዱ እሱ ነው። ወጉን የሰማ ሁሉ «ወይ ጉድ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ቡናው ቀዝቅዞ ጨዋታው ጋለ። ወንድማችንም እዚያው ነበረና፣ በጨዋታው ያልጨረሰውን በጽሑፍ ጨረሰው።

ያቀረባቸው ነጥቦች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የፈረንጅ ርካሽ ቀልድ ጠፋ አልጠፋ ለኛ ምናችን ነው? ሁለተኛ፣ ሕዝቡ ዳቦ ሳያገኝ የምን ፊልም? ሦስተኛ፣ የኛዎቹም ፊልሞች ቢሆኑ የትም አልሄዱም፣ ካሉበት ተቆልፈው ይቀመጡ፤ ቁልፍ ማለት ጥበቃ ነው። ቡናም ሦስት ነው፤ ክርክሩም ሦስት ሆነልን። እንግዲህ በየተራ እንቅዳው።

አቦል

«ርካሽ ቀልድ ነው» ለሚለው መልሳችን ይኸ ነው። አዎ፣ ርካሽ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጡት ሕግ ሲኒማ ቤቶቻቸው ከሚያሳዩት ፊልም የተወሰነው እጅ የአገር ውስጥ ሥራ እንዲሆን አስገደዱ። የአሜሪካ ፊልም አጥለቅልቋቸው ነበርና። ከዚህ የተነሣ በትንሽ ገንዘብና በጥድፊያ የሚሠሩ አጫጭር ፊልሞች እንደ አሸን ፈሉ። ያ የወንጀል ኮሜዲም ከነዚያ አንዱ ነው። ታይቶ ሲያበቃ ማን ይጠብቀው? «ቀልድ ነው» ተባለ፤ ቀረ።

ታዲያ ያ ጀማሪ ዳይሬክተር ኋላ ምን ሆነ? ከኤመሪክ ፕሬስበርገር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1948 «ቀይ ጫማዎች»ን ሠራ፤ የአገሩ ሲኒማ ከሚኮራባቸው ሥራዎች አንዱን ማለት ነው። የታክሲ ነጂውን የተጫወተው ጄሪ ቬርኖም በዚያው ፊልም ውስጥ የቲያትር ቤቱ በረኛ ሆኖ ብቅ ይላል። እንግዲህ ያን ትልቅ ዛፍ ያዩ ሰዎች ዘወር ብለው ዘሩን ቢፈልጉ አጡት። ዘር ሲዘራ ዛፍ መሆኑን የሚያውቅ የለም። በአንድ ወቅት «ይኸ ይረባል፣ ይኸ አይረባም» ብሎ የፈረደ ሁሉ ለልጅ ልጁ ፈርዷል። ማን ሾመው?

ሌላም አለ። ቀልድ የሚይዘውን ቁም ነገር አይዘውም። ባለሥልጣኑ ንግግር ሲያደርግ የሚናገረው በክት አማርኛ ነው፤ ልብሱም የክት ነው። ሰው እንደ ሰው ሲናገር፣ ሲሳደብ፣ ዋጋ ሲከራከር፣ ከሌባ ሲሮጥ የሚገኘው በቀልድ ውስጥ ነው። አንድ የለንደን ታክሲ ነጂ በ1931 እንዴት አድርጎ ያሽሟጥጥ እንደነበር ያስቀረው የፓርላማ መዝገብ ሳይሆን ያ የጠፋው ፊልም ነበር።

«ይኸ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» አልክ፣ ወንድማችን። እሺ፣ የራሳችንን እናንሣ። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው ፊልም ወጣ። ኢላላ ኢብሳ አሠራው፤ የግሪክ ተወላጁ ላምብሮስ ጆካሪስ ዳይሬክት አደረገው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ በ35 ሚሊ ሜትር ተቀረጸ። የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም ነው እየተባለ ተጽፎልናል። እኛም ተምረነዋል። ፈተና ላይ መጥቶልን መልሰነዋል! ግን ከመካከላችን አንድም ሰው ፊልሙን አላየውም። ሐይቅ ላይ አልታየልንም፤ ደሴ ላይ አልታየልንም፤ ከምንማርበት ቤተ መጻሕፍት ሄደን ብንጠይቅ በመጽሐፍ ውስጥ ስሙን አሳዩን። ምን ማለት ነው ይኸ? አያቱን በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቅ የልጅ ልጅ ሆንን እኮ!

«ጉማ»ንም ተመልከቱ። ሚሼል ፓፓታኪስ አዲስ አበባ የተወለደ የግሪክ ዘር ነው፤ ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተምሮ መጣና በ1960ዎቹ አጋማሽ «ጉማ»ን ሠራ። ስለ ደም ካሣና ስለ ዕርቅ ባህል የሚናገር ነው። ዛሬ «ጉማ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በስሙ የሚሰጠውን የፊልም ሽልማት ነው። ሽልማቱን እናከብራለን፤ ስም ማስታወስም ቁም ነገር ነው። ነገር ግን ክፍል ውስጥ «ጉማን ያየ እጁን ያውጣ» ብንል አንድም እጅ አልወጣም። ስሙ አለ፤ ሰውዬው የለም። ተዝካሩ በየዓመቱ ይበላል፤ መቃብሩን የሚያውቅ ጠፋ።

ስለዚህ የጠፋ ማለት የተቃጠለ ብቻ አይደለም። ካለበት የማይታይ ፊልምም ለሕዝቡ ጠፍቷል። የእንግሊዙ ፊልም ቢያንስ ፈላጊ አለው፤ ስሙ ተጽፎ አደባባይ ወጥቷል። የኛዎቹን «የት ደረሳችሁ?» የሚላቸው ማነው?

ቶና

«ዳቦ ሳይኖር የምን ፊልም» ያልከው፣ ወንድማችን፣ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትከው። ከየት አገር ሆነህ እንደምትጽፍ ረስተሃል። ይኸ ወሎ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ተርቦ ነበር። የሐይቅና የአምባሰል ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ዘመን የሚቆጥሩት ከዚያ ወዲህና ከዚያ ወዲያ እያሉ ነው። ሰው በመንገድ ዳር ሲወድቅ አዲስ አበባ ዝም አለች። ዝምታውን ከሰበሩት ነገሮች አንዱ ምን ነበር? ፊልም! ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረኃብ ቀረጸና «ያልታወቀው ረኃብ» ብሎ በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየው። ዓለም ደነገጠ። እኛ አገር ግን ለሕዝቡ አልታየም ነበር። ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ሥዕሎች ጋር አቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ፊልሙ ብቻውን ንጉሥ አወረደ አንልም፤ እንዲያ ብንል ታሪክ ማቃለል ይሆንብናል። ወታደሩ፣ ተማሪው፣ ታክሲ ነጂው፣ መምህሩ ሁሉ ከወራት በፊት ተነሥቶ ነበር። የምንለው ይኸን ነው፦ ያ የፊልም ጥቅል ተደብቆ ሲቀመጥ ለአንዱ ጠቀመ፤ ሲታይም ለሌላው ጠቀመ። በሁለቱም ጊዜ ቁልፉን የያዘው ሌላ ሰው ነበር። የተቀረጸውን ገበሬ ግን ማንም አልጠየቀውም። ወሎ ገበሬ ጎጆ ውስጥ ያኔ ቴሌቪዥን የት ነበርና! ፊቱ ለንደን ታየ፣ አዲስ አበባ ታየ፤ እሱ ራሱን አላየም።

አሥር ዓመት ቆይቶ ደግሞ ጥቅምት 1977 መጣ። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራውን ደገነ፤ ማይክል በርክ ድምፁን ሰጠ፤ ቢቢሲ አሳየው። ዓለም አለቀሰ፣ ዘፈነ፣ ገንዘብ አዋጣ። እህል መጣ፤ ነፍስም ተረፈ። እናመሰግናለን። ግን አሁንም ጥያቄው ያው ነው። የወሎን ፊት ያልቀረጸ የለም፤ ወሎ ውስጥ ግን ያ ፊልም የት ተቀምጧል? የአያቶቻችን ፊት ውጭ አገር በቁጥር ተመዝግቦ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ተቀምጦ፣ ለሚገዛው በደቂቃ ተተምኖ ይኖራል። የልጅ ልጃቸው «አያቴን እስቲ ልያቸው» ቢል መጀመሪያ ሒሳብ ይከፍላል።

እዚህ ላይ አንዲት እህታችን ያነሣችውን ሳንጽፍ አናልፍም። «የሚሞት ሰው ፊት በየግድግዳው ይታይ ነው የምትሉት? ክብር የለውም ወይ?» አለችን። ልክ ነች። እኛም በየአደባባዩ ይለጠፍ አላልንም። ማን ያየዋል፣ መቼ ይታያል፣ የት ይቀመጣል የሚለውን የሚወስን የሟች ወገን ይሁን ነው ያልነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ሬሳው ሲገለጥ ዘመድ ይጠየቃል። እስከ ዛሬ ግን የሚያሳየውም የሚደብቀውም ባዳ ነው።

እንግዲህ «ዳቦ ይቅደም» ላልከው፦ በዚህ አገር የዳቦ ጥያቄ ራሱ በፊልም መጥቶ ያውቃል። ዳቦውን የከለከለና ፊልሙን የደበቀ አንድ እጅ ነበር። ሁለቱን ለያይቶ «መጀመሪያ ይኸኛው» ማለት ወሎ ላይ ተቀምጦ አይሆንም።

በረካ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። «ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ቁልፍ ጥበቃ ነው»።

ይኸን ያለን ሰው ሐይቅ እስጢፋኖስ በቆመበት አገር ያደገ መሆኑ ይገርመናል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ሲቀመጡ የመሠረቱት ገዳም ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤትና የመጻሕፍት ቤትም ነው። ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስካሁን በስማቸው ይጠራል። በዚያ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። አስተውሉ! አባቶች መጽሐፍ መያዝ ብቻ አልበቃቸውም፤ ምን ምን እንደያዙም ጻፉ። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት!

መጽሐፉስ የኖረው ተቆልፎበት ስለኖረ ነው? አይደለም። ስለተነበበና ስለተገለበጠ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን እንውሰድ። የቀረው ዓለም ሙሉውን አጥቶት ነበር። በግእዝ ግን ሙሉ ሆኖ ኖረ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮጳ ሲገባ ሊቃውንቱ ተደነቁ። ለምን እኛ ዘንድ ተረፈ? ሣጥናችን ጠንካራ ስለነበረ አይደለም። ቤት ይቃጠላል፤ አይጥ ይበላል፤ ጦር ይመጣል። የተረፈው አንዱ ሲቃጠል ሌላው ደብር ሌላ ቅጂ ስለነበረ ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ እጁ እስኪዝል ስለገለበጠ ነው። ጥበቃ ማለት መገልበጥ ነው። አንድ ቅጂ ያለው ነገር፣ ባለ ሰባት ቁልፍ ቢሆንም፣ ግማሹ ጠፍቷል።

የፊልምም ታሪክ ይኸንኑ ይመሰክራል። ካርል ድሬየር እ.ኤ.አ. በ1928 የሠራው የዣን ዳርክ ፊልም የመጀመሪያው ቅንብር በእሳት ጠፋ ተብሎ ተለቅሶለት ነበር። በ1981 ኖርዌይ ውስጥ፣ ኦስሎ አጠገብ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ ከቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። «ሜትሮፖሊስ» የተባለው የጀርመን ፊልም ተቆራርጦ ከቀረ ከስንት ዘመን በኋላ፣ በ2008 ረጅሙ ቅጂ ቦነስ አይረስ ላይ ብቅ አለ። ሂችኮክ ወጣት ሳለ የሠራበት «ነጩ ጥላ» ግማሹ በ2011 ኒው ዚላንድ ተገኘ። በ1978 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ዶሰን በምትባል የወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ፣ የተደፈነ የመዋኛ ገንዳ ሲቆፈር ከአምስት መቶ በላይ የፊልም ጥቅል ከበረዶ ሥር ወጣ። ከዋናው ከተማ የጠፋው ሁሉ ከዳር አገር ተገኘ። ለምን? ቅጂው ለመታየት ወደ ዳር አገር ሄዶ ስለነበረ! ያልታየ ፊልም ግን የትም አልሄደምና ከየትም አይገኝም።

ደግሞም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ዝም ብሎ የሚቀመጥ እንዳይመስለን። እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ ድረስ የነበረው የፊልም ጥሬ ዕቃ እንደ ባሩድ የሚቀጣጠል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው አይቀጣጠልም፤ ግን ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይኮመጥጣል፤ የሆምጣጤ ሽታ ያወጣል፤ ይጨማደዳል። አንዱ ሲጀምር የጎረቤቱን ሣጥን ይበክላል። ፊልም እንደ እህል ነው። ጎተራ ከትቶ ያላየው ሰው ሲከፍት ነቀዝ ያገኛል።

የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን አገር ቤት ገበሬውን ይዞ የተቀረጸ። ያ ፊልም ሲያረጅ የታደሰው የት ነው? ኢጣሊያ፣ ቦሎኛ ከተማ ባለው የፊልም ማኅደር ነው። ላዳሱት ምስጋና ይግባቸው። ግን አንድ የአምባሰል ልጅ ይኸን ሲሰማ ትንሽ ቢያመው አትፍረዱበት።

ምክንያቱም ውጫሌ ያለችው አምባሰል ውስጥ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር ውል የተፈረመው እዚያ ነው። የወንጀል ኮሜዲ ከፈለጋችሁ እንግዲህ እንሆ! አንድ ውል፣ ሁለት ቅጂ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፍ በኢጣሊያ በኩል ቢፈልግ ይችላል ይላል፤ በኢጣሊያንኛው ግድ ይሆንበታል። ምኒልክ ለአውሮጳ ነገሥታት ደብዳቤ ቢጽፉ «በኢጣሊያ በኩል ይላኩ» የሚል መልስ መጣላቸው። ሌባው ያኔ ታወቀ። ለምን ታወቀ? የአማርኛው ቅጂ እጃችን ላይ ስለነበረ! ቅጂው ባይኖረን ኖሮ በምን ቃል እንከራከር ነበር? ፍርዱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ተሰጠ፤ ማስረጃው ግን ወረቀት ነበር። የራሱን ቅጂ ያልያዘ ሕዝብ ሌላው በተረጎመለት ይተዳደራል።

አንድ ነገር እንጨምርና በረካውን እናሳርግ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተካሂዶ፣ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚሆኑ መጻሕፍት ተቀርጸዋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍትም በዚያ ተነሥተዋል። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። እንግዲህ ይታያችሁ፣ ብራናውን ለማዳን የተጠራው ፊልም ነበር! ፊልሙን ለማዳንስ ማን ይጠራ?

አንዲት ካሴት

እስካሁን የጻፍነው የሌላ ሰው ታሪክ ነው ትሉን ይሆናል። የራሳችንን እንናገር።

ከመካከላችን የአንዱ እናትና አባት የተጋቡት በ1986 ዓ.ም. ከውጫሌ ወጣ ባለ ቀበሌ ነው። ሠርጉ በቪዲዮ ካሴት ተቀርጿል። ካሴቱ ላይ ሙሽሮቹን የመረቁት አያት ከሞቱ ቆዩ፤ ፎቶግራፍ የላቸውም። ድምፃቸውም ፊታቸውም ያለው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ሌላም ነገር አለበት። አንድ ቀልደኛ አጎት ከዳሱ ጓዳ የሙክት ብልት ሰርቆ በነጠላው ሸፍኖ ሲወጣ፣ ወጥ ቤቶቹ ነቅተውበት ማማሰያ ይዘው ዳሱን ሦስት ዙር ያሳድዱታል። ካሜራውም ሙሽሮቹን ትቶ ይከተላቸዋል። እናትየው ይኸን ስታወራ እስከ ዛሬ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ወንጀልና ሳቅ ባንድ ድስት!

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ሲያዳርስ፣ የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ሲዘረፍ፣ ያቺ እናት ካሴቷን በነጠላ ጠቅልላ ጎተራ ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ቀበረቻት። ከሙዚየሙ ዕቃ ይልቅ የሷ ተረፈ። ሰላም ሲሆን ልጇ ይዟት ደሴ ሄደ። ማጫወቻ ያለው ሰው ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀ። ባለሙያው ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ሻጋታ ገብቶበታል። እንደ ምንም ጠርጎ አስገባት። ስክሪኑ በረዶ ሆነ። በበረዶው ውስጥ ግን ድምፅ መጣ፤ ሽማግሌው ይመርቃሉ። አራት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ክሩ ተበጠሰ።

ልጁ ድምፁን በስልኩ ቀድቶ ለእናቱ አሰማት። አለቀሰች፤ መረቀችው። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችው፦ «ያ ሌባውስ? የሚሮጠው?»

ጠፍቷል። ወንድማችን ሆይ፣ አንተ «ርካሽ ቀልድ» ያልከው ነገር ይኸ ነው። ምርቃቱ ተርፎ እንኳ የጠየቀችው ስለ ቀልዱ ነው። ይኸንን ሴትዮ «የጠገበች ናት» በላት እስቲ! ለአንድ ዓመት ብቻ ቀድመን፣ በጊዜ ገልብጠነው ቢሆን ኖሮ በኪሷ ይዛው ትዞር ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ማማረር ብቻ የተማሪ ጸባይ ነው ይሉናል። ስለዚህ የምንለውን በግልጽ እንበል።

አንደኛ፣ ዝርዝር ይውጣ። የት፣ ምን፣ በማን እጅ፣ በምን ሁኔታ እንዳለ ይጻፍ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ያለ መብራትና ያለ ኮምፒዩተር የተቻለ ሥራ ለዛሬው መሥሪያ ቤት ሊያቅተው አይገባም። ተቆልፎ የተቀመጠ ፊልም ያለው ሁሉ ቢያንስ «አለኝ» ይበል።

ሁለተኛ፣ ይገልበጥ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ፊልም ነገ ዛሬ ሳይባል ይገልበጥ። አንዱ ቅጂ በተቀረጸበት አገር ይቀመጥ። ወሎ ላይ የተነሣ ፊልም ወሎ ላይ ቅጂ ይኑረው። ይኸን ስንል የሠሪዎቹን መብት እንርገጥ ማለታችን አይደለም። ደራሲው፣ ተዋናዩ፣ ፕሮዲዩሰሩ ዋጋውን ያግኝ፤ ላቡ ነው። ነገር ግን መብትን ማክበርና ሥራውን ማስኮምጠጥ አንድ አይደሉም። ሥራው ከበሰበሰ በኋላ መብቱ የምን መብት ነው?

ሦስተኛ፣ ይታይ። በዓመት አንድ ቀን እንኳ፣ በአዳራሽ ቢጠፋ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በነጠላ ተዘርግቶ ይታይ። ያየው ሰው ይጠብቀዋል፤ ያላየው ግን «ይጣል» ሲባል ዝም ይላል።

አራተኛው የኛው የራሳችን ነው። እኛ ከመንግሥት ደጅ ብቻ ቆመን አንለምንም። ከዚህ ጥራዝ ጀምሮ በሐይቅ፣ በውጫሌና በየመንደራችን ያሉትን ካሴቶች፣ የፊልም ጥቅሎችና የቴፕ ቅጂዎች ባለቤቶቹ እየፈቀዱ እንመዘግባለን። የሠርግ ይሁን፣ የመንዙማ ይሁን፣ የጥምቀት ይሁን፣ የትምህርት ቤት ድራማ ይሁን አንመርጥም። መምረጥ የኛ ሥራ አይደለም ብለን ተከራክረናልና። ከአባሎቻችን ሁለቱ አሮጌ ማጫወቻ እየጠገኑ ነው።

አምባሰል ቅኝት ነው። አገሩን ያላየ እንኳ ዜማውን ያውቀዋል። ማሪቱ ለገሰ ስታዜመው ያልሰማ ወሎዬ የለም። ያ ዜማ ለምን አልጠፋም? ቃልና ጉሮሮ ስላለው ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ በነፃ ይገለበጣል። ፊልም ግን በቃል አይያዝም። ጉሮሮ የለውም። ካልገለበጥነው ዱዳ ሆኖ ይሞታል።

ወንድማችን፣ በሚቀጥለው ጥራዝ መልስህን እንጠብቃለን። እስከዚያው ግን እቤትህ ግባና ከቁም ሣጥኑ በላይ፣ ከአሮጌው ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ እናትህን ጠይቃቸው። ካሴት ካገኘህ ይዘህልን ና። ስለ ፈረንጁ ፊልም የጀመርነውን ክርክር እሱን እየገለበጥን እንጨርሰዋለን።